በሙሽራዋ ሆድ ሥር

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ጮኸ። የግድግዳው ሰዓት ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ኢንስፔክተሯ የእጇን አይታ ጻፈችው። ደዋዩ ድምፁ የተረጋጋ፣ ቃላቱን የሚመርጥ ሰው ነበር።

«አደጋ ደርሷል። መኪናዬ ከተጎታች ላይ ወድቃለች» አለ። ከዚያ «አንድ ሰውም ሞቷል» ሲል ጨመረ።

ስልኩን ዘግታ ስትነሳ ቅደም ተከተሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ መኪናዋ፣ ቀጥሎ ሰውየው።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሆቴል ነበር፤ የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚያድሩበት፣ ሰፊ ግቢ ያለው። ዝናቡ ገና መቆሙ ስለነበር ከጣራው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። በግቢው መሀል አንድ ፒካፕ ረጅም ተጎታቹን እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ከተጎታቹ ኋላ ወደ መሬት በተዘረጉት ሁለት የመወጣጫ ብረቶች ላይ ደግሞ አንዲት አሮጌ መኪና ተንጋዳ ተቀምጣለች። ቀለሟ ወተት የመሰለ፣ ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ ጥቁር ጨርቅ ነው። ብረቷ ሁሉ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። አንዱ የኋላ ጎማዋ ከመወጣጫው ወጥቷል፤ ሆዷ ደግሞ አንድ ሰው ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ከወገባቸው በላይ ውጭ ናቸው። ፊታቸው ወደ መኪናዋ በር ዞሯል።

ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። «ጋሽ ቀስታ ናቸው» አላት።

«ታውቃቸዋለህ?»

«ይህን መንገድ የሚነዳ የማያውቃቸው የለም፣ አለቃ። መኪና ጭነው አገር ላገር የሚያደርሱት። ከኋላቸው የተሰለፈ ሾፌር ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ሲሰድባቸው ኖሯል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም፣ ቀስ ነው። እኔ ራሴ ሰድቤያቸው አውቃለሁ።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ስንት ዓመት ሲጭኑ አንድ መኪና ጥለው አያውቁም።»

«ዛሬ ግን ጣለ» አለ ከኋላቸው አንድ ሰው።

የመኪናዋ ባለቤት ነበር። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ሁሉም ኢንጂነሩ ይለዋል። ሱሪው ተተኩሷል፤ ጫማው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። «ከሰዓት በኋላ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት አለ። ሙሽራዬን ይዤ የምገባው ፊት መሪ ሆኜ ነበር» አለ። መኪናዋን ሙሽራዬ ይላታል።

ኢንስፔክተሯ ፒካፑ አጠገብ ሄዳ የተጎታቹን መጎተቻ ሽቦ አየች። ሽቦው ሙሉ ነው፤ አልተበጠሰም። ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ በወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሏል። መኪናዋን ስትወርድ መያዝ የነበረበት መንጠቆ በጨርቁ የተነሳ በደንብ ሳይነክስ ተንሸራቶ ወጥቷል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

«ሳጅን፣ ጨርቁን ፈተህ መንጠቆውን መልሰህ አያይዘው። ጎትተን እናውጣቸው።»

«አይሆንም!» ኢንጂነሩ እጁን ዘርግቶ ፊቷ ተገተረ። «ከዚያ ብረት ላይ ከጎተታችኋት ሆዷ ይቀደዳል! ክሬን እየመጣ ነው።»

«ሰው እኮ ነው ከሥር ያለው።»

«ሞቷል! ለሞተ ሰው ምን ያስቸኩላል?»

በሥራ ዘመኗ የሰከረ ሰድቧታል፣ ሌባ ምራቁን ተፍቶባታል፤ እንዲህ አንጀቷን ያሳረራት ግን አልነበረም። «ሳጅን» አለች ዓይኗን ከሰውየው ሳታነሳ፣ «ጎትት።»

ሳጅኑ ሽቦውን አያይዞ አዝራሩን ተጫነ። ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ ጮኸ፤ መኪናዋ እየተንገጫገጨች ወደ ላይ ወጣች። ቆሞ ላየው አንድ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ያህል እንኳ አልፈጀም። ኢንጂነሩ ጆሮውን ይዞ ፊቱን አዙሯል። ጋሽ ቀስታ ከሥር ሲወጡ ዞር ብሎ አላያቸውም።

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። ግቢው ሁሉ ረጥቧል፤ ከመኪናዋ ሥር የነበረው መሬት ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ መኪናዋ የወደቀችው ከዝናቡ በፊት ነው። በመኪናዋ በር ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀለሙ በብዙ ቦታ ተፈግፍጎ ብረቱ ይታያል፤ ጭረቱ ትኩስ ነው። የጋሽ ቀስታ ቀኝ መዳፍ ጥቁር ግራሶ ነው። ተጎታቹ ላይ ሸራ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከሸራው ላይ ደግሞ የጎማ መፍቻ ብረት። ብረቱን አንስታ ጫፉን አየች። ወተት የመሰለ ቀለም ተጣብቆበታል።

ሬሳው የነበረበት ቦታ ጎንበስ ብላ ክንዷን ወደ ሸራው ዘረጋች። አልደረሰም። ገና ብዙ ይቀራል።

ብረቱን በፌስታል ቋጥራ ለሳጅኑ ሰጠችው።

*

ኢንጂነሩ በሆቴሉ አዳራሽ ተቀምጦ ቃሉን ሰጠ። ንግግሩ እንደተጠና ነበር።

«ማታ አሥር ሰዓት ላይ እንዲያወርዳት ተስማምተን—»

«ማታ አሥር ሰዓት?»

«ይቅርታ፣ ማታ ተነጋገርን ለማለት ነው። ጎህ ሲቀድ ያወርዳታል፤ እኔ ተነስቼ እየነዳኋት ከተማ እገባለሁ። ተኛሁ። ስነቃ ዝናብ ነበር። ሲያባራ ወረድኩ፤ ሞቶ አገኘሁት። ወዲያው ደወልኩ። ምንም አልነካሁም።»

«ክሬኑንስ መቼ ጠሩ?»

«ከእናንተ ጋር አብሮ።»

«መንጠቆውን በጨርቅ የጠቀለለው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ! የሥራው ጠባይ ነው። ወይም ያ አማቹ፤ ማታ ሲጣሉ አምሽተዋል። እመቤቴ፣ እኔን ትተሽ እሱን ብትፈልጊው ይሻልሻል።»

እሱን መፈለግ ከባድ አልነበረም። የጋሽ ቀስታ ሚስት ወንድም፣ መሪ ተቀባብለው አብረው የሚነዱት ሰው፣ በአልጋው ላይ አላደረም። ሳጅኑ ቁልቁል ካለ የነዳጅ ማደያ ጥግ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ አገኘው። እጁ ግራሶ ነው። የሆቴሉ ዘበኛም የማታውን ጠብ ሰምቷል። አማችየው እየጮኸ «አንድ ቀን ከሥሯ ስትሞት እንዳትጠራኝ!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጥቷል።

ይህን የሰማው የጣቢያው አዛዥ በስልክ ደስታውን አልደበቀም።

«አየሽ? ወይ አማቹ ነው፣ ወይ የራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ከሁለት አንዱን ጽፈሽ ዝጊው። ኢንጂነሩን አታንገላቺ፤ ትርኢቱን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፣ የሚመጡትን ሰዎች አታውቂም።»

«ሰውየው እየዋሸ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጫማው ጭቃ ነው፤ ሱሪው ግን የጭቃ ጠብታ አልነካውም። ከዝናቡ በኋላ ልብሱን ቀይሯል።»

«ሰው ሱሪ ቀየረ ተብሎ አይከሰስም። እስከ ምሳ ሰዓት ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።»

*

የጋሽ ቀስታ ልጅ የደረሰችው በሕዝብ ማመላለሻ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ የተሰካበት ጨርቅ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ ከሥራዋ ብድግ ብላ መጥታለች። ግቢው ውስጥ አላለቀሰችም። አባቷን የሸፈነውን አንሶላ ገልጣ አየች፤ መልሳ ሸፈነች፤ ከዚያ ኢንስፔክተሯ ፊት መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ አጎቴን አስራችኋል አሉኝ።»

«እየጠየቅነው ነው።»

«ደግሞ አባቴ ራሳቸው አጥፍተው ነው የሞቱት እየተባለ ነው። ከሁለት አንዱን ምረጡ እንጂ! አባቴን ወሰዳችሁ፣ አጎቴን ልትወስዱ ነው፣ የቀረው ስማቸው ነው፤ እሱንም አብራችሁ ልትቀብሩት ነው?» ድምጿ ግቢውን ሞላው። «በእግሩ ከሚሄድ ሰው ጋር እኩል ነው የሚነዱት እየተባለ ተቀልዶባቸዋል። ልጅ ሆኜ የክፍሌ ልጆች ሲስቁ አፍሬባቸዋለሁ። ለምን እንደዚያ የሚነዱ ይመስላችኋል? እንዲህ ያለ ቀን እንዳይመጣ ነው!»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መኪናዋ አዞረች፤ እንደ ጠላት አየቻት። ድንገት ግን ግንባሯ ተኮሳተረ።

«ጣራዋን ማን ዘረጋው?»

«እንዴት?»

«አባቴ ጣራዋን ዘርግተው ጭነዋት አያውቁም፤ ነፋስ ይቀደዋል። ታጥፎ ነው የሚጫነው። ያ የታጠፈው ሸራ የእኔ ሥራ ነው፤ በልኳ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጣራዋ ከተዘረጋ ሸራው አይገባትም፤ መስኮቷ ላይ ይቀራል።»

«ሸራውን ካነሱ በኋላ አባትሽ ዘርግተውት ቢሆንስ?»

«በምን? መዘርጊያ እጀታው ያለው ባለመኪናው ጋ ነው፤ ከቤት ቁልፉ ጋር አስሮ ይዞት ይዞራል። ለአባቴ አንድ ቀን አላመናቸውም።»

ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን በር ከፍታ ወንበሮቹን በመዳፏ ዳሰሰች። ቀዩ ቆዳ ደረቅ ነበር። ጠብታ አልነካውም።

*

ዘበኛው ከሆቴሉ ጀርባ የውሃ ፓምፑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዴ የሰጡትን ቃል መድገም አልፈለጉም።

«አባባ፣ የማታውን ጠብ አልጠየቅሁዎትም። የጠዋቱን ነው።»

«እዚህ ውሃ ስሞላ ነበር፣ ልጄ። ግቢውን አላየሁም።»

«የሰሙት አለ?»

ሽማግሌው ወደ ግቢው ጠቆሙ። «አንድ ከባድ ነገር ገጭ አለ። እነሱ ሁልጊዜ ብረት ይጥላሉ። ቀጥሎ ቃ፣ ቃ፣ ቃ የሚል ነገር ነበር። ጎማ የሚፈቱ መሰለኝ። ብዙ ቆየ። አንዳንዴ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆመ። ዝናቡ የመጣው እሱ ከቆመ በኋላ ነው።» ቀና አሉ። «ጎማ አይደለም አይደል?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«ፓምፑን አጥፍቼ ሄጄ ባየው ኖሮ...»

ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ ተነሳች። እሳቸው ላይ የምትቆጣው ቁጣ አልነበራትም፤ ቁጣዋ ለሌላ ሰው ያስፈልጋት ነበር።

*

አማችየው በፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነበር። እስካሁን ትንፍሽ አላለም።

«ዝምታህ ገመድ ሆኖ አንተኑ ያንቅሃል» አለችው። «የት ነበርክ?»

ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም።

«ከሥሯ ስትሞት እንዳትጠራኝ ብለሃል።»

«ብያለሁ!» ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ብያለሁ፣ ሞተ፣ አልጠራኝም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መንጠቆውን ማን ጠቀለለው?»

«ያ ሰውዬ! የብረቷ ኒኬል ይጫርብኛል ብሎ። ስንጭናት ለመነን፣ ማታ ደግሞ አዘዘን። እኔ እምቢ አልኩ፤ ይህ ጨርቅ ሰው ይገድላል አልኩ። ጋሼ ግን 'ሰው ንብረቱን ሲወድ አይፈረድበትም፤ ታኮ እጨምራለሁ' አለ። ታኮ! ስትወርድ ጎማ ሥር የሚከተት ታኮ ምን ያደርጋል? ተናድጄ ጥዬው ሄድኩ። በእህል ጫኝ መኪና ወደ ቤቴ ልሄድ ወጥቼ ግማሽ መንገድ ላይ ልቤ እምቢ አለኝ፤ ወርጄ በእግሬ ስመለስ ነው ማደያው ላይ የነገሩኝ።» ግድግዳውን በቡጢ መታው። «አብሬው ብሆን ጎትቼ አወጣው ነበር። አዝራር መጫን ነው! አንድ አዝራር!»

ሳጅኑ ማደያው ሄዶ አጣራ። የእህል ጫኙ ሾፌር አማችየውን ከንጋት በፊት እንዳሳፈረው፣ ሩቅ ወስዶ እንዳወረደው አረጋገጠ። መኪናዋ ስትወድቅ ሰውየው እዚያ አልነበረም።

ቀጥሎ ሬሳውን እዚያው ግቢው ውስጥ የመረመረው ሐኪም ደወለ። «ወገባቸው ተጫነ እንጂ ደረታቸው ደህና ነው። ወዲያው አልሞቱም። በዝግታ ነው ደማቸው ወደ ውስጥ የፈሰሰው። ቶሎ ቢወጡ የመትረፍ ዕድል ነበራቸው፤ ጥሩ ዕድል።»

ስልኩን ዘግታ ፋይሉን ከፈተች። የምታውቀውን ነገር ማመን ከበዳት። የሰው ልጅ ይህን ያደርጋል ብላ መጻፍ አልቻለችም።

*

ክሬኑ የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ሾፌሩ ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ እንቅልፉን ያልጠገበ ሰውዬ ነበር። ባዶውን መወጣጫ አይቶ ተናደደ።

«አውጥታችኋት የለ እንዴ! ይህን ሁሉ መንገድ ምን አስመጣችሁኝ?»

«መቼ ነው የተደወለልህ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ገና ሳይነጋ ነዋ። ከአልጋዬ ነው ያስነሱኝ። ሰፊ የጨርቅ ማንጠልጠያ ያዝ፣ ሰንሰለት የሚባል እንዳላይ አሉኝ።»

«የተጎዳ ሰው እንዳለ ነገሩህ?»

«ጠየቅኋቸው እንጂ። ሁልጊዜ እንጠይቃለን፤ ሰው ካለ በቅርብ ያለው ነው የሚላከው። የለም፣ መኪናዋ ብቻ ናት አሉ።» ሬሳውን የሸፈነውን አንሶላ ገና አሁን አየው። ድምፁ ወረደ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ስታወሩ ከኋላ የሰማኸው ነገር ነበር?»

«ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። አላሰማኝ ስላለ ምን ይላል ይሄ አልኳቸው። 'አንዴ ቆይ' ብለው ስልኩን አስቀመጡት። ሲመለሱ ድምፁ ቆሞ ነበር።»

ሳጅኑ በፌስታል የቋጠረውን ብረት አየ፤ ቀጥሎ አለቃውን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል በእጇ ዝም አሰኘችው።

*

ኢንጂነሩ መኪናዋን እያደረቀ ነበር። በነጭ ጨርቅ የዝናቡን ውሃ ከኮፈኗ ላይ ቀስ እያደረገ ያነሳል። የተቧጨረውን ጎን በሌላ ጨርቅ ሸፍኖታል።

«ጣራዋን መቼ ዘረጉት?» አለችው።

«ማታ።»

«ማታ ሸራ ለብሳ ነበር፤ ጣራዋ ተዘርግቶ ሸራው አይገባትም። ጋሽ ቀስታ ሸራውን ያነሱት ጎህ ሲቀድ ነው። ወንበሯን ዝናብ አልነካውም። ስለዚህ የተዘረጋው ሸራው ከተነሳ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ነው። እጀታው ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ነው።»

እጁ ሳይወድ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ክሬን የጠሩት ሳይነጋ ነው፤ እኛን የጠሩን ዝናቡ ካባራ በኋላ። በመሀል ሰውየው እግርዎ ሥር ነበሩ። እርስዎ ዳመናውን አዩና ጣራዋን ዘረጉ።»

«አብቅቶለት ነበር...»

«አላበቃላቸውም! ሲያንኳኩ ነበር። ዘበኛው ሰምቷል፣ የክሬኑ ሾፌር በስልክ ውስጥ ሰምቷል። መንጠቆውን አያይዞ አንድ አዝራር መጫን ነበር የቀረዎት። ብረቱን ከእጃቸው ማን ወሰደው?»

ኢንጂነሩ ጨርቁን አጠፈ፤ ዘረጋ፤ እንደገና አጠፈ። «አንቺ አይገባሽም። አርባ ዓመት የለፋሁባት ናት። በአገሩ ሁለተኛዋ የለችም።»

«ብረቱን ማን ወሰደው?»

«ቀለሙን እየላጠው ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። «ተው አልኩት፣ አይሰማም! ዝም ብሎ ቢጠብቅ ክሬኑ ይመጣ ነበር። ሁለቱም ይተርፉ ነበር...»

ኢንስፔክተሯ የእጅ ሰንሰለቱን አወጣች። ልትመታው ፈልጋ ነበር። ሰንሰለቱን ከሚገባው በላይ አጠበቀችው፤ ሳጅኑ አየ፣ ላላ አድርጊ አላላትም።

ሲዞሩ ልጅቷ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ምን አሉ?» አለችው ኢንጂነሩን። «አባቴ። ምን ብለው ነበር?»

እሱ መሬት መሬት አየ።

«ንገራት» አለች ኢንስፔክተሯ። አንቱታው ከአፏ የጠፋው ያን ጊዜ ነው።

«መንጠቆውን እንዴት እንደማያይዘው ነገረኝ» አለ። «ሁለት ጊዜ ነገረኝ።»

ልጅቷ ተጎታቹ ላይ ወጥታ የሰፋችውን ሸራ አነሳች፤ ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ አባቷ ሄደች።

ትርኢቱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተከፈተ፤ ሌላ ሰው ከፈተው። አማችየው በዚያው ምሽት ከጣቢያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁን በገበያው መግቢያ ላይ ጎማ ይጠግናል።